ትንፋሽ ማጠርና ጥም በፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ታሪክ

አዲስ አበባ በደቡብ በኩል የምታበቃበት ቱሉ ዲምቱ፣ በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት ሲሆን፣ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መነሻ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር የሚልቅ ስፍራ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ደሙ ያነሰበት ሰው ጉድለቱን ፈጥኖ ያውቀዋል። ጀሪካን ተሸክሞ የጋራ መኖሪያ ቤቱን ደረጃ የሚወጣ ሰው እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ቢያጥረው፣ «ደክሞኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ግን ነገሩ በዚህ አይዘጋም።

ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት በ1964 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ለካንሰር ታስቦ ተቀመመ፤ በ1987 በአሜሪካ ለኤድስ ሕክምና ተፈቀደ። በዚያን ጊዜ በተደረገው ሙከራ ሕሙማኑ በቀን 1500 ሚሊግራም ይወስዱ ነበር። መድኃኒቱ ደም የሚሠራበትን መቅን ስለሚጫን፣ ከወሰዱት 21 በመቶ የሚሆኑት በተደጋጋሚ ደም ተሰጥቷቸዋል፤ ባዶ ክኒን ከወሰዱት ግን 4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ1990 መጠኑ ከግማሽ በታች ዝቅ እንዲል ተደረገ።

በኢትዮጵያ ሕክምናው በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ጀመረ። ብዙዎች የጀመሩት ስታቩዲን ባለበት ጥምር መድኃኒት ነበር። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ደምንም እንደ ዚዶቩዲን ስለማይጐዳ የሄሞግሎቢን ምርመራ ለሌለው ጤና ጣቢያ ተስማሚ መስሎ ታየ። ይሁንና ቤተ ሙከራ የማይሻ የመሰለው መድኃኒት፣ ጥቂት ጤና ጣቢያ ብቻ ሊመረምረው የሚችለውን ጉዳት ይዞ መጣ። በአንዳንዶች ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፤ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመምና ድካም ይቀድማሉ፤ ከዚያም ፈጣንና ጥልቅ ትንፋሽ ይከተላል። ሄሞግሎቢኑ ደኅና ነው፤ ሕመምተኛው ግን ሊሞት ይችላል። «ቻለው፣ ይለምድሃል» የሚለው ምክር ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማቅለሽለሽ መልካም ነበር፤ ለዚህ ግን ጐጂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 አገሮች ስታቩዲንን እንዲተዉ መከረ።

በምትኩ ቴኖፎቪርና ዚዶቩዲን ቦታውን ያዙ፤ ከዚዶቩዲን ጋር የደም ማነስ ጥያቄም ተመለሰ። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ፣ ያኔ ሄሞግሎቢን መለካት ግድ ነው። የብረት ክኒን ብቻውን አይበቃም፤ መድኃኒቱን መቀየር እንጂ። በእርግጥ የትንፋሽ ማጠር ሁሉ የመድኃኒት ጥፋት አይደለም፤ በአገራችን ሳንባ ነቀርሳ አስቀድሞ ሊፈተሽ ይገባል።

ጥም የቅርቡ ምዕራፍ ነው። ዶሉቴግራቪር በ2018 ብሔራዊ መመሪያ ውስጥ ገባ፤ ዛሬ የብዙኃኑ ሕሙማን መድኃኒት ነው። በ2020 የኡጋንዳ ሐኪሞች፣ ይህን መድኃኒት በጀመሩ ጥቂት ሰዎች ላይ የደም ስኳር ክፉኛ መጨመሩን አስታወቁ። ምልክቱ የማይበርድ ጥም፣ የሽንት ብዛትና ክሳት ነው። በጾም ወራት ጥሙን ለጾሙ መስጠት ይቀላል፤ ጥምን በለስላሳ መጠጥ ማስታገስም ስኳሩን ያባብሰዋል። ውኃ መጠጣትና ስኳርን መለካት ይሻላል። ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ቫይረሱን ይመልሰዋል። ስኳሩ ከተገኘና ሜትፎርሚን ከታዘዘ፣ ሐኪሙ ሕመምተኛው ዶሉቴግራቪር እንደሚወስድ ማወቅ አለበት፤ ይህ መድኃኒት የሜትፎርሚንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርገው፣ በቀን ከ1000 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይመከራል።