ጠይብና ጥበብ

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ መተማ ላይ መውደቃቸውን የማያውቅ የለም። የዘማቹን ጦርና ጎራዴ ማን እንደቀጠቀጠው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በጎንደር አካባቢ ብረት ይቀጠቅጡ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን የሠሩትን ሁሉም ይገዛቸዋል፤ እነሱን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር።

የብረት ሥራ ጥበብ ነው ወይስ ሙያ ብቻ? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ ሜክሲኮ ሲቲ ላይ በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ሸፍኖ ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ሳይቀር እንዲቀል ተበስቶ ነበር። በዚያ ዘመን ብዙ ብስክሌተኞች የፍሬን እጀታውንና የጥርሱን ብረት በመሰርሰሪያ ይበሱ ነበር። ለክብደት የተጀመረው ቀዳዳ ውሎ አድሮ ጌጥ ሆነ።

እኛ ዘንድ ቀዳዳን ማስጌጥ አዲስ ነገር አይደለም። የብር መስቀሎቻችንን ተመልከቱ፤ ብርሃን የሚያሳልፈው ክፍተት ከብረቱ እኩል ያምራል። መስቀሉን ተሳልመን ሠሪውን ሰደብን። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ለዚህ ነው።

ቋንቋችን ግን ፍርዱን ቀድሞ ሰጥቷል፤ «ጠይብ» እና «ጥበብ» የአንድ ሥር ቃላት ናቸው። ቀዳዳው ጥበብ ነው ወይ ብለን ከመከራከራችን በፊት፣ የበሳውን እጅ እናክብር።