መነኩሴና ገድል፦ የባዶ እጅ ተዋጊው ስም ከየት መጣ?

በእንግሊዝኛ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በዕብራይስጥ ደግሞ «መቮኺም ኡድራኮኒም» በሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ውስጥ ሰይፍም ጋሻም ሳይዝ በባዶ እጁ የሚዋጋ ገጸ ባሕርይ አለ። ዕብራይስጥ ተናጋሪው «ናዚር» ይለዋል። በእስራኤል፣ በቤር ሸቫ፣ ሽኩና ዳሌት በሚባለው ሰፈር ከወላጆቹ አማርኛ ከትምህርት ቤት ዕብራይስጥ እየሰማ ያደገ ወጣት ይህን ለአያቱ ሊያስረዳ ቢነሣ የሚያገኘው ቃል «መነኩሴ» ነው። አያት መነኩሴ ሲባል የሚታያቸው ጾመኛና ጸሎተኛ አባት እንጂ ጡጫና እርግጫ የሚያዘንብ ጎልማሳ አይደለም። ሆኖም የቃሉን ሥር ተከትሎ የሚወርድ ሰው ምንኩስናና ትግል ከጨዋታው ብዙ ዘመን ቀድመው የተዛመዱ ሆነው ያገኛቸዋል።

«መነኩሴ» የመጣው ከግእዙ «መነኮስ» ነው፤ መነኮስ ደግሞ ከግሪኩ «ሞናኾስ»። «ሞኖስ» ማለት «አንድ፣ ብቻ» ስለሆነ ሞናኾስ «ብቸኛ» ማለት ነው። ቃሉ የመናኝ መጠሪያ ሆኖ ከተገኘባቸው ጽሑፎች እስካሁን ቀዳሚው በግብፅ እ.ኤ.አ. በ324 የተጻፈ የአቤቱታ ፓፒረስ ነው። ግእዝ ቃሉን ሲቀበል ያደረገው ነገር ያስደንቃል። በግሪክኛ መጨረሻው ላይ ያለው «ኦስ» እንደ አገባቡ የሚለዋወጥ ቅጥያ ነው። «ዲያቆኖስ» ወደ እኛ ሲደርስ ያ ቅጥያ ወድቆ «ዲያቆን» ሆኗል። በመነኮስ ግን «ስ» አልወደቀችም፤ አራተኛ የሥር ፊደል ሆና ተተከለች። ከዚያ ወዲያ ቃሉ እንደ አገሬው ግስ ይረባል፦ መነኮሰ፣ ይመነኩሳል፣ ምንኩስና፣ መነኮሳት።

ግእዝ ለብቸኛ ሰው የራሱ ቃልም ነበረው። «ባሕቲቱ» ማለት «ብቻውን» ነው፤ ከዚያ «ባሕታዊ» ወጣ። በዋሻና በዱር ለብቻው የሚኖረው ባሕታዊ ተባለ፤ መነኩሴ ደግሞ በትርጉሙ ብቸኛ ሆኖ ሳለ በገዳም ከወንድሞቹ ጋር በማኅበር የሚኖር ሰው ስም ሆነ። የማኅበር ምንኩስናን ሥርዓት ያቆመው በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግብፃዊው ጳኩሚስ ሲሆን ሥርዓቱ ወደ ግእዝ ተተርጉሟል። ጳኩሚስ ከመመንኮሱ በፊት ለሮም ጦር የተመለመለ ወታደር ነበር።

ለሽኩና ዳሌቱ ወጣት ግን ቅርቡ ምሳሌ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ምንኩስና ነው። በመካከለኛው ዘመንና ከዚያ ወዲህ ከአይሁድ ማኅበረሰቦች የምንኩስና ሥርዓት የነበረው ቤተ እስራኤል ብቻ እንደሆነ የታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። በትውፊት መሥራቹ አባ ሳብራ ናቸው፤ ዘመኑ 15ኛው ክፍለ ዘመን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ። የንጉሡ ልጅ ጸጋ አምላክም ከአባ ሳብራ ተምሮ አብሯቸው እንደ መነኰሰ ትውፊቱ ያክላል። የማኅበረሰቡ ሰዎች መነኩሴውን «መሎክሴ» ይሉታል፤ «ነ» ወደ «ለ» ዞራ፣ ድምፆቹም ተጠጋግተው ቃሉ የቤት መልክ ይዟል። መሎክሴዎቹ ቀሳውስትን ያስተምሩ ነበር፤ በንጽሕና ሕግ የጸኑ ስለነበሩም ከሌላው ሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። ጎረቤት ይህን የንጽሕና ሥርዓት «አትንኩኝ» ይለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1862 ሚስዮናውያን ማኅበረሰቡን ባስጨነቁበት ጊዜ አባ መሃሪ የሚባሉ መነኩሴ ሕዝቡን ይዘው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ኢየሩሳሌም ለመግባት ተነሡ። ብዙ ሰው በረኀብና በበሽታ በመንገድ አለቀ፤ የተረፈው ተመለሰ። እኚህ አባት መሣሪያ አልያዙም፤ ሆኖም የመሩት ጉዞ ከብዙ ጦርነት የከበደ ነበር።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግእዝ «ገድል» የሚል ቃል አለው። «ተጋደለ» በግእዝ ታገለ፣ ተፎካከረ፣ ተጋፈጠ ማለት ነው፤ ከዐረብኛው «ጃደለ» ማለትም «ተከራከረ» ጋር ይዛመዳል። ሊቃውንት ይህንኑ የትግል ቃል ወስደው ለጾም፣ ለስግደትና ለትዕግሥት ሰጡት፤ የቅዱሳን ታሪክም «ገድል» ተባለ። በአማርኛ የሥሩ ደም አልደረቀም፦ ገደለ፣ ተጋደለ፣ ተጋድሎ፣ ተጋዳይ። በግሪክኛም መንገዱ እንዲሁ ነው። «አስኬሲስ» መጀመሪያ የስፖርተኛ ልምምድ ነበር፤ ኋላ የመናኝ ተጋድሎ ሆነ። የጥንት ክርስቲያኖች ሰማዕታትንና መነኮሳትን በዚያ ቋንቋ «የእግዚአብሔር አትሌቶች» ይሏቸው ነበር።

ዕብራይስጡ «ናዚር» ደግሞ በሌላ በር ገብቶ እዚያው ይደርሳል። ሥሩ መለየት፣ ራስን መከልከል ነው። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 6 ናዝራዊ የወይን ጠጅ አይጠጣም፣ ጠጉሩን አይላጭም፣ ሬሳ አይነካም። ከናዝራውያን ሁሉ ስሙ የገነነው ሶምሶን ነው፤ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 14 እንደተጻፈው አንበሳውን የቀደደው በእጁ ምንም ሳይዝ ነበር። እንግዲህ ባዶ እጁን የሚዋጋ ናዚር በቅዱስ መጽሐፍ አስቀድሞ አለ። በእስራኤል የባዶ እጅ ውጊያ የሚጠራበት «ክራቭ ማጋ» የሚለው ስምም ለአማርኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም። «ክራቭ» ውጊያ ነው፤ ሥሩ ግን የእኛው «ቀረበ» ነው፤ «ማጋ» ደግሞ መንካት።

የጨዋታው መነኩሴ መልኩን የወሰደው ከምሥራቅ እስያ ነው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ፤ መነኩሴው በ1975 «ብላክሙር» በተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ ገባ። ከበስተ ጀርባው የቻይናው የሻውሊን ገዳም ዝና አለ። በቻይንኛ መነኩሴ «ሰንግ» ይባላል፤ ቃሉ ከሳንስክሪቱ «ሳንጋ» የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጉባኤ፣ ማኅበር» ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርዩ በግሪክ ስሙ «ብቸኛ»፣ በቻይና ዘሩ «ማኅበረኛ» ነው፤ የእኛ የገዳም ኑሮ ሁለቱን ያስታርቃቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ የኃይሉ ምንጭ የሚባለው «ኪ» በመጀመሪያ ትርጉሙ ትንፋሽና እንፋሎት ነው። እኛም ነፍስን፣ ነፋስንና እስትንፋስን ከአንድ ሥር እንቀዳለን፤ የዕብራይስጡ «ነፌሽ» ከዚሁ ቤት ነው። «ኪ»ን በአማርኛ ለሚጫወት «እስትንፋስ» ያለ ማወላወል ይስማማል።

አሁን ወደ ገጸ ባሕርዩ ግንባታ። ይህ ሰው ጥሩር ከለበሰ ወይም ጋሻ ካነሣ የትግል ችሎታውን ያጣል፤ ሶምሶን ጠጉሩ ሲላጭ እንደሆነው። የመከላከያ ቁጥሩ የሚገኘው በ10 ላይ የቅልጥፍናውንና የጥበቡን ጭማሪ በመደመር ነው። ስለዚህ ከተለመዱት ስድስት ነጥቦች፣ ከ15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10ና 8፣ ትልቁን ለቅልጥፍና፣ ሁለተኛውን ለጥበብ፣ ሦስተኛውን ለጽናት መስጠት ይገባል። በመነሻ ጭማሪዎች ቅልጥፍናና ጥበብ ሁለቱም 16 ከሆኑ እያንዳንዳቸው 3 ይጨምራሉ፤ መከላከያው 16 ይሆናል። በ2014ቱ ሕግ የጡጫው ዳይስ ባለ 4 ገጽ ሆኖ ጀምሮ በ17ኛ ደረጃ ባለ 10 ይሆናል፤ በ2024ቱ ከባለ 6 ተነሥቶ ባለ 12 ይደርሳል። በ2ኛ ደረጃ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ በ3ኛ የተወረወረ ፍላጻ ይመክታል፣ በ5ኛ ጠላቱን በምት ያደነዝዛል። ጉልበት ከእነዚህ ውስጥ ዋና ቦታ የለውም። መከላከያው «አትንኩኝ» ነው፤ የማይመታው ወፍራም ብረት ስለሸፈነው ሳይሆን ስለሚያስተውልና ስለሚፈጥን ነው።

ቁጥሩ ካለቀ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይቀራል፤ ሦስቱንም ቃላቱ ይጠይቁናል። ናዚር «ምን ትተሃል?» ይላል፤ ስእለት የሌለው መነኩሴ ተደባዳቢ ብቻ ነው። ሳንጋና ገዳም «ከማን ተማርክ፣ ወንድሞችህስ እነማን ናቸው?» ይላሉ። ገድል ደግሞ «ከምን ጋር ትታገላለህ?» ይላል፤ መልሱ ከውጭ ጠላት ይልቅ የራስ ቁጣ፣ ፍርሃት ወይም ምኞት ሲሆን ገጸ ባሕርዩ ሰው ይሆናል። እነዚህን የመለሰ ወጣት የጃፓንና የቻይና ገዳም ብቻ መኮረጅ የለበትም፤ በስሜን ተራራ ሥር መሎክሴ ያሳደገው፣ እንደ አባ መሃሪ ሕዝቡን ይዞ ወደ ባሕር የሚነሣ ሰው መፍጠር ይችላል።

ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «መነኩሴ» ብሎ ይጻፍ፤ አያቱ ቢጠይቁትም ቃሉን አያለሳልስባቸው። ግእዝ ተጋድሎንና ምንኩስናን ካጋባ ብዙ መቶ ዓመት አልፏል፤ ወጣቱ በጨዋታው የሚያገኘው የባዶ እጅ ተዋጊ የአያቶቹ ቃል ባለቤት ነው፤ በዚያ ቃል ሊጠራውም ሙሉ መብት አለው።