የመርዙ ጽዋ በሳሊየሪ እጅ

እስቲ ስሙኝማ፤ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ስም ነው። ዘመኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እቆጥራለሁ።

ቪየና፣ 1824፣ ሜይ ወር። አዳራሹ ቤትሆቨንን ሊሰማ በመጣ ሰው ተሞልቷል። በታዳሚው መሐል አንዲት ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። የታተመባት ቤትሆቨንን የሚያወድስ ግጥም ነው፤ ነገር ግን በስንኞቹ መካከል ሌላ ሰው ተሥሏል። ከሞዛርት ጎን የቆመ፣ ምቀኝነት ፊቱን ያገረጣው፣ የመርዝ ጽዋ የያዘ ሰው። ያነበበ ሁሉ ይህ ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። አንቶኒዮ ሳሊየሪ ነዋ!

ሳሊየሪ በዚያች ሰዓት የት ነበር? ሆስፒታል ተኝቶ። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱም አእምሮውም ከድተውታል። «ሞዛርትን የመረዝኩት እኔ ነኝ ብሎ ተናዘዘ» የሚለው ወሬ ከተማውን ያዳረሰው በዚያ ሰሞን ነው። ቤትሆቨን ጆሮው ደንቁሮ ስለነበር የሚጎበኙት ሰዎች የሚሉትን በደብተር ላይ ነበር የሚጽፉለት፤ ያ ሐሜት በቀለም ሰፍሮ እስከዛሬ በደብተሮቹ ውስጥ አለ። የሳሊየሪ የቀድሞ ደቀ መዝሙር ሞሸለስ ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ ነገሩን ያነሳው ሽማግሌው ራሱ ነው። ወሬው ሐሰት መሆኑን፣ ሞዛርትን እንዳልመረዘ፣ ይህንንም ለዓለም እንዲናገርለት አደራ አለው። ሳሊየሪ በ1825 ሜይ ውስጥ ሞተ።

እንግዲህ ይህ ሰው ማን ነበር? ጣሊያን ውስጥ፣ ሌኛጎ በምትባል ከተማ በ1750 ተወለደ። ወላጆቹን ገና በልጅነቱ አጣ። ጋስማን የሚባል የሙዚቃ ደራሲ አግኝቶት በ1766 ወደ ቪየና አመጣው፤ አሳደገው፣ አስተማረው። ጋስማን ሲሞት ሳሊየሪ ውለታውን አልረሳም፤ የሟቹን ሴት ልጆች ያለ ክፍያ ሙዚቃ አስተማረ። ሚላን የሚገኘው ላ ስካላ፣ ያ ስመ ጥር የኦፔራ ቤት፣ በ1778 ሲመረቅ የታየው ኦፔራ የእሱ ነው። በ1788 የቤተ መንግሥቱ ሙዚቃ አለቃ ሆነ። ከእግሩ ሥር የተማሩትን ልጥራላችሁ፦ ቤትሆቨን፣ ሹበርት፣ ሊስት። ከአብዛኞቹ ተማሪዎቹም ገንዘብ አይቀበልም ነበር።

ፉክክርማ ነበረ፤ አልደብቃችሁም። ሞዛርትና አባቱ በደብዳቤያቸው ስለ ጣሊያን ሙዚቀኞች ሤራ ደጋግመው አማርረዋል። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ጥሩውን ቦታ የያዘው ሳሊየሪ ነበርና ሞዛርት ቢከፋው አይፈረድበትም። ግን እስቲ አንዲት ማታ አብራችሁኝ ቆዩ።

ኦክቶበር 13 ቀን 1791፣ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ አሥራ ሁለት። ሞዛርት ሠረገላ ይዞ ይሄድና ሳሊየሪንና ካቫሊየሪ የምትባለውን ዘፋኝ ከየቤታቸው ያነሳል። «አስማታዊው ዋሽንት» የተባለውን አዲሱን ኦፔራውን ሊያሳያቸው ነው። የክብር ቦታ ያስቀምጣቸዋል። በማግሥቱ ለሚስቱ ለኮንስታንዜ በጻፈው ደብዳቤ ሳሊየሪ እንዴት እንዳዳመጠ በደስታ ይተርክላታል፤ ከመግቢያው ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ኅብረ ዝማሬ፣ «ብራቮ» ሳይል ያለፈው አንድ ክፍል የለም። ከሞዛርት እጅ ወጥተው ከተረፉልን ደብዳቤዎች የመጨረሻው ይህ ነው። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ዲሴምበር 5 ቀን፣ በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ።

ወሬው የተወለደው ወዲያው ነው። አንድ የበርሊን ጋዜጣ የሟቹ አስከሬን በማበጡ ተመርዞ ይሆናል የሚሉ እንዳሉ ጻፈ። ሞዛርት ራሱም ታሞ ሳለ መርዝ አብልተውኛል ይል እንደነበር ኮንስታንዜ ተናግራለች። ከዓመታት በኋላ ግን የቪየና ሐኪም ጉልደነር፣ በዚያ ወቅት ብዙ የከተማው ነዋሪ በዚያው ዓይነት ትኩሳት መታመሙን በጽሑፍ መሰከረ። ኮንስታንዜስ ቢሆን? ባሏ ሲሞት የወራት ዕድሜ የነበረውን ትንሹን ልጇን፣ ሲያድግ ሙዚቃ ተማር ብላ የላከችው ወደ ማን መሰላችሁ? ወደ ሳሊየሪ። እናት ልጇን ለአባቱ ገዳይ አትሰጥም።

ነገሩ በዚህ ባበቃ ነበር። ግን ወሬው ሩስያ ገባና አንድ ታላቅ ባለቅኔ እጅ ወደቀ።

አሌክሳንደር ፑሽኪን ለእኛ ባዳ አይደለም። አዲስ አበባ ሳር ቤት አካባቢ አደባባይ በስሙ ተሰይሞለታል፤ የታሪክ አጥኚዎች ዛሬም ቢከራከሩበት፣ ቅድመ አያቱ ጋኒባል ሐበሻ ነው ሲባል ኖሯል። ስለምንወደው ነው ይህን ማውራት የሚከብደኝ። በ1830 መኸር፣ ኮሌራ መንገድ ዘግቶበት ቦልዲኖ በሚባል ርስቱ ተቀምጦ ሳለ፣ «ሞዛርትና ሳሊየሪ» የተባለችውን አጭር ተውኔት ጻፈ። እዚያ ውስጥ ያለው ሳሊየሪ ለአሥራ ስምንት ዓመት መርዝ በኪሱ ይዞ የኖረ ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ለፍቶ ያላገኘውን፣ ሞዛርት እየሳቀና እየተጫወተ ሲያገኘው ያያል፤ ፍትሕ በምድርም በሰማይም የለም ይላል። ምግብ ቤት ተቀምጠው መርዙን በጓደኛው ብርጭቆ ያፈስሳል፤ ሞዛርት ሲጫወትለትም ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ገዳይ ከዚያ በፊት በመድረክ ላይ አላየሁም፤ የምንጠላው ሰው ሕመሙ ሲገባን ያስደነግጣል።

ግን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን አይደል? ሳሊየሪ ከሞተ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። በዘመኑ የነበረው ገጣሚ ካቴኒን ያልተረጋገጠ ወንጀል በእውነተኛ ሰው ላይ መለጠፉን ተቃውሟል። ፑሽኪንም በማስታወሻው ምክንያቱን አሰፈረ፦ የሞዛርት ኦፔራ «ዶን ጆቫኒ» ሲታይ በፉጨት የተሳለቀ ምቀኛ፣ ደራሲውን ሊመርዝም ይችላል ብሎ። እኔ ይህን አልቀበልም። የፉጨቱ ታሪክ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ከፉጨት እስከ መርዝ መንገዱ ሩቅ ነው። ለተውኔቷ መጀመሪያ ያሰበላት ርእስ «ምቀኝነት» ነበር፤ ለምቀኝነት ደግሞ የማንም ሰው ስም ይበቃው ነበር።

ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ፑሽኪን የወሬን ስለት በገላው ያውቀዋል። በ1820፣ በመንግሥት ትእዛዝ ተገርፏል የሚል ሐሰተኛ ወሬ ፒተርስበርግ ላይ ተናፍሶበት፣ ራሴን ላጥፋ ወይስ ሰው ልግደል እስከማለት መድረሱን ለንጉሡ ጽፎ ሳይልከው በቀረ ደብዳቤ ገልጿል። በ1836 ደግሞ ስም የሌላቸው ደብዳቤዎች ሚስቱን በሚመለከት ሐሜት እሱንም ወዳጆቹንም አዳረሱ። በሚቀጥለው ዓመት በፌብሩዋሪ ክብሬን ላስመልስ ብሎ ዳንቴስ ከሚባል ፈረንሳዊ መኮንን ጋር ሽጉጥ ተማዘዘ፤ ቆስሎ ሞተ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነበር።

የጻፈው ሳሊየሪ ግን አልሞተም። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ኦፔራ አደረገው፤ በ1898 ሞስኮ ላይ ሲታይ ሳሊየሪን የዘፈነው ሻሊያፒን ነው። በ1979 እንግሊዛዊው ፒተር ሻፈር «አማዴዎስ» ብሎ ለንደን መድረክ ላይ አወጣው፤ በ1984 ሚሎሽ ፎርማን ፊልም አደረገው፣ ፊልሙም ስምንት ኦስካር ወሰደ። አንደኛው ሳሊየሪን ሆኖ ለተጫወተው ለኤፍ. መሬይ አብርሃም ነው። በፊልሙ ሳሊየሪ ለሙዚቃ ሲል ከሴት ለመራቅ ለእግዚአብሔር የተሳለ ብቸኛ ሰው ነው፤ በእውኑ ዓለም ባለ ትዳርና የስምንት ልጆች አባት ነበር። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያየው የአብርሃምን ፊት ነው።

ፊልሙ በአብዛኛው የተቀረጸው ፕራግ ውስጥ ነው። በዚያችው ፕራግ፣ በቼክ የሙዚቃ ሙዚየም፣ በ2015 መጨረሻ ላይ አንዲት ጠፍታ የኖረች ሥራ ተገኘች። በ1785 የታተመች ናት። ናንሲ ስቶራቼ የተባለች ዘፋኝ ድምፅዋ ጠፍቶ ሲመለስላት፣ ገጣሚው ዳ ፖንቴ የደስታ ግጥም ጻፈላት፤ ዜማውን በጋራ ካወጡላት ሰዎች ሁለቱ ሞዛርትና ሳሊየሪ ናቸው። በ2016 ፌብሩዋሪ እዚያው ፕራግ ውስጥ በሃርፕሲኮርድ ተጫወቷት፤ አራት ደቂቃ ያህል ትፈጃለች።