ከሰርከሱ ድንኳን በስተጀርባ
አሜሪካዊው ደራሲ ዋልተር ኤድመንድስ በ1940 ያሳተመው «ቻድ ሃና» የፍቅር ልብ ወለድ ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ወላጅ አልባው የፈረስ ጋጣ አገልጋይ ተጓዥ ሰርከስ ተከትሎ ይሄዳል፤ ልቡም በፈረስ ላይ ትርኢት በምታሳየው ሴት ይነደፋል። የመጽሐፉ ክብደት ግን ፍቅሩ ላይ ብቻ አይደለም።

ዘመኑ 1830ዎቹ፣ ስፍራው የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ነው። ወጣቱ መንደሩን ጥሎ የሚወጣው የኰበለለ ባሪያ በመርዳቱ ነው። ኒው ዮርክ ባርነትን በ1827 ብታስወግድም፣ የ1793ቱ የፌዴራል ሕግ ኰብላዩን ከነፃው ምድር አስይዞ ለጌታው ያስረክብ ነበር።

የትርኢቱም ዓለም ቢሆን ጌቶች ነበሩት። የሶመርሱ ገበሬ ሃካላያ ቤይሊ ኦልድ ቤት የተባለችውን ዝሆን በየመንደሩ እያዞረ ገንዘብ ማፍራቱን ያዩ ጐረቤቶቹ አራዊት እየገዙ ተከተሉት። በ1835 ከመቶ የሚበልጡ ባለ ትርኢቶች እዚያው ሶመርስ ላይ ተሰብስበው ንግዱን በአንድ እጅ ለመጠቅለል ማኅበር አቋቋሙ፤ የ1837ቱ የገንዘብ ቀውስ በተነው እንጂ ትንንሾቹን ቡድኖች ለመዋጥ ነበር። በልብ ወለዱም ትልቁ ሰርከስ ፈረሰኛይቱን ከድሃው ቡድን ነጥቆ ይወስዳል። ኤድመንድስ ይህን ዓለም ያለ ስብከት፣ በጭቃው መንገድና በሠረገላው ጕዞ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል።

ኦልድ ቤት በ1816 ሜይን ውስጥ በጥይት ተገደለች። በሶመርስ ሐውልት የቆመው ለእርሷ ነው።