የባትሪ ሃመር ድሪል

የባትሪ ሃመር ድሪል በሚሞላ ባትሪ የሚሠራ፣ ፑንታውን እያሽከረከረ በዚያው ወደ ፊት እየመታ የሚበሳ የእጅ መሣሪያ ነው። እንጨትና ብረት ሲበሳ ምቱ ይዘጋል፤ ብሎኬት ወይም ጡብ ሲሆን ይከፈታል፤ በሦስተኛው አቀማመጡ ብሎን ያስራል፣ ይፈታል። ኤሌክትሪሺያን፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ የአልሙኒየምና የጂፕሰም ባለሙያ ቀኑን ሙሉ ከእጃቸው አይለዩትም። ለቤት አገልግሎት የተሠራውና ለሙያ ሥራ የተሠራው ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲታዩ ብዙም አይለያዩም። ልዩነቱ ያለው ካምቢዮው፣ ቸኩ፣ ሞተሩና ባትሪው ላይ ነው። የመሣሪያውን ዕድሜ የሚወስኑትም እነዚሁ ናቸው እንጂ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር አይደለም።

ታሪክ

ለኤሌክትሪክ ድሪል የመጀመሪያው ፓተንት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1889 በአውስትራሊያ ሜልቦርን ለአርተር ጄምስ አርኖትና ለዊልያም ብላንች ብሬይን ነው። በ1895 የጀርመኑ ፋይን በሽቱትጋርት በእጅ የሚያዝ ድሪል ሠራ። ሽጉጥ መሰል እጀታና በጣት የሚሳብ ስዊች ያለው ቅርጽ ዛሬ የምናውቀው ሲሆን፣ ፓተንቱን በ1917 ያገኘው የአሜሪካው ብላክ ኤንድ ዴከር ነው። ይኸው ኩባንያ በ1961 በኒኬል ካድሚየም ባትሪ የሚሠራ ድሪል ለገበያ አወጣ። ከአሥር ዓመት በኋላ በአፖሎ 15 ጉዞ ጠፈርተኛው ዴቪድ ስኮት የጨረቃን መሬት የበሳው እየዞረ በሚመታ የባትሪ ድሪል ነበር።

ለሙያተኛው የባትሪ ድሪል የዕለት ተዕለት መሣሪያ የሆነው ግን ዘግይቶ ነው። የጃፓኑ ማኪታ በ1978 ያወጣው 6010ዲ ባለ 7.2 ቮልት ነበር፤ ብሎን ለማሰርና ስስ ነገር ለመብሳት ይበቃል እንጂ ግድግዳ የሚደፍር አልነበረም። ነገሩን የለወጠው ሊቲየም አዮን ነው። ሶኒ ይህን ባትሪ በ1991 ለገበያ ካቀረበው በኋላ፣ ሚልዋኪ በ2005 ባለ 28 ቮልት የሊቲየም መሣሪያዎችን ይዞ ብቅ አለ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። የአውሮፓ ኅብረት ካድሚየም ያለባቸውን የመሣሪያ ባትሪዎች ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለገበያ እንዳይቀርቡ ከልክሏል።

አሠራር

ሃመር ድሪል ውስጥ ፊት ለፊት የተገጣጠሙ ሁለት ጥርሳም ዲስኮች አሉ። አንደኛው ከካምቢዮው ቤት ጋር ተያይዞ አይነቃነቅም፤ ሌላው ከፑንታው ጋር ይዞራል። ሠራተኛው መሣሪያውን ግድግዳ ላይ ሲጫን ዲስኮቹ ይገናኛሉ፤ ጥርስ በጥርስ ላይ እየወጣ ሲወርድም ፑንታው ወደ ፊት ይመታል። የማኪታ ዲኤችፒ486 በደቂቃ እስከ 2,100 ዙር ይዞራል፤ ምቱ ደግሞ እስከ 31,500 ተብሎ ተጽፏል። አንዱን ለሌላው ማካፈል በአንድ ዙር 15 ምት መሆኑን ያሳያል። ቁጥሩ ሲሰማ ያስደንቃል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ ምት በጣም አጭርና ቀላል ነው። ጉልበቱም ከሞተሩ ይልቅ ከሠራተኛው ትከሻ የሚመጣ ነው።

ኤስዲኤስ እየተባለ የሚጠራው ሮታሪ ሃመር ከዚህ የተለየ ማሽን ነው። ውስጡ ፒስተን አለ፤ ፒስተኑ በታመቀ አየር አማካይነት አንድ ብረት ይወረውራል፣ ያ ብረት የፑንታውን ጀርባ ይመታል። ምቱ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 5,000 ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የአንዲት አነስተኛ የባትሪ ኤስዲኤስ አንድ ምት ወደ 2 ጁል ይደርሳል፤ ሠራተኛውም መጫን አይጠበቅበትም። የዚህ ማሽን ፑንታ ጅራቱ ላይ ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ በቦሽ የተፈለሰፈው በ1975 ነው። በተለመደው ባለ ሦስት መንጋጋ ቸክ አይታሰርም፤ ሃመር ድሪልም የእሱን ቸክ አይቀበልም።

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚወሰድ ቢሆን ይህ ልዩነት ይሁን። በሥራ ቦታ ቶሎ የሚሞቱት ሃመር ድሪሎች አብዛኞቹ የሚሞቱት የኮንክሪት ኮለንና ቢም ላይ ነው። ሠራተኛው በሙሉ ክብደቱ ይጫናል፤ ፑንታው አይገባም፤ ጥርሳሙ ዲስክ እየተፋተገ ይግላል፤ ግለቱ ወደ ካምቢዮው ቅባትና ወደ ኩሽኔታው ይሻገራል። ማሽኑ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ የሌላ ማሽን ሥራ ስለተሰጠው ነው።

ግድግዳውን ማወቅ

የአዲስ አበባ ግድግዳ በብዛት ባለ 10፣ ባለ 15 ወይም ባለ 20 ሴንቲ ብሎኬት ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ፣ ቆዳው ስስ ነው። ምት ተከፍቶ ሲበሳ የቆዳው የውስጥ ገጽ ይፈረከሳል፤ ከውጭ ንጹሕ የሚመስለው ቀዳዳ ከውስጥ ሰፍቶ ይቀራል፤ ፊሸሩም ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። ጥሩ ባለሙያ ልስኑን ያለ ምት ይጀምራል፣ ብሎኬቱ ላይ ሲደርስ በዝግታ ምቱን ይከፍታል፤ ብሎኬቱ ልል ከሆነም ጭራሽ አይከፍተውም። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ክፍልፋይ ላይ የሚገኘው አግሮስቶንም በዙር ብቻ የሚበሳ ነው።

መጋረጃ መስቀል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከመስኮቱ በላይ ያለው ብሎኬት ሳይሆን ፌሮ ያለበት ኮንክሪት ነው። ፑንታው ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ገብቶ ድንገት ከቆመ፣ የሚወጣው ዱቄት ከግራጫ ብልጭታ ወዳለው ጥቁር ከተለወጠና ድምፁ ከቀጠነ ፌሮ ተነክቷል ማለት ነው። የካርባይድ ጫፍ ብረት አይበሳም። እዚያ ላይ መታገል በአንዴ ፑንታውንም ዲስኩንም ይበላል፤ ቀዳዳውን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ገፋ አድርጎ እንደገና መጀመር ይሻላል። በጥቁር ድንጋይ የተገነባ መሠረትና አጥር ግን ከመጀመሪያውም የኤስዲኤስ ሥራ ነው።

ምን ይታያል

ቸኩ 13 ሚሊ ሜትር የሚይዝና መንጋጋው ብቻ ሳይሆን ሙሉ አካሉ ብረት የሆነ ይሁን። ባለ ፕላስቲክ ቸክ በምት ሥራ ይላላል፤ ፑንታው ቀዳዳው ውስጥ ሲቀር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀጥሎ የሚታየው አለመወላገዱ ነው፦ ቀጥ ያለ አዲስ ፑንታ አስሮ በዝግታ ማሽከርከርና ጫፉን ማየት። ጫፉ ክብ የሚሠራ ከሆነ የቸኩ ዘንግ ወይም ኩሽኔታው ችግር አለበት። ቸኩን በእጅ ይዞ ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅም ብዙ ይናገራል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትንሽ መንቀሳቀሱ የምቱ አሠራር የሚጠይቀው ነው፤ ወደ ጎን መንቀሳቀሱ ግን ኩሽኔታው አልቋል ማለት ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያደርግ ገንዘብ ባያወጣ ይሻለዋል።

ሞተሩ ብራሽለስ ቢሆን ይመረጣል። በድሮው ሞተር ካርቦኑ እየተፋተገ ያልቃል፣ ይሞቃል፣ ብልጭታ ይሰጣል፤ ብራሽለስ ሞተር ካርቦን የለውም፣ ኃይሉን የሚያከፋፍለው ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ነው። በአንድ ቻርጅ ብዙ ይሠራል፣ ብዙም አይግልም። ጉዳቱ ሰሌዳው ሲቃጠል ይመጣል፦ ካርቦን በርካሽ ይቀየር ነበር፤ ሰሌዳው ግን መለዋወጫው ካልተገኘ መሣሪያው ሞተ ማለት ነው። ስለዚህ ብራሽለስ የሚገዛ ሰው መለዋወጫ የሚያመጣለት ነጋዴ መኖሩን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመጠምዘዝ ኃይሉ፣ ማለትም ቶርኩ፣ በኒውተን ሜትር ይለካል። የቦሽ ጂኤስቢ 18ቪ-55 ባለ 55 ነው፤ ዲኤችፒ486 ደግሞ ባለ 130። ለብሎኬት፣ ለፊሸርና ለአልሙኒየም ፍሬም ሃምሳና ስልሳው ይበቃል። ከመቶ በላይ የሚፈለገው ወፍራም እንጨት በሰፊ ፑንታ ለሚበሳ ወይም ትልልቅ ብሎን ለሚያስር ሰው ነው። ይህ ኃይል አደጋም አለው፦ ፑንታው ድንገት ሲነክስ የሚዞረው ማሽኑ ነው፤ የሰው አንጓ ደግሞ 130 ኒውተን ሜትር አይችልም። ይህን ለመቋቋም የሚረዳው የጎን እጀታ ከካርቶኑ ሳይወጣ የሚቀርባቸው ቦታዎች ብዙ መሆናቸው ያሳዝናል። መሣሪያ ሻጮች ሊያስረዱ የሚገባቸው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

አቧራውም አይናቅ። የኮንክሪት ዱቄት ውስጥ ያለው ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ሲገባ አይወጣም፤ ለዓመታት ሲጠራቀም ሲሊኮሲስ የሚባለውን የማይድን በሽታ ያመጣል። ሲሊንግ ወደ ላይ የሚበሳ ሰው ደህና የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ያድርግ፤ ዱቄቱም ቸኩ ውስጥ እንዳይገባ ከሥራ በኋላ ፑንታውን ፈትቶ መንጋጋውን ወደ ታች አድርጎ ያራግፍ።

ባትሪ

የባትሪ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው ባትሪውን ነው፤ ድሪሉ የመጀመሪያው ተከታይ ነው። የማኪታ ባትሪ ለቦሽ፣ የዲዋልቱም ለሚልዋኪ አይገጥምም። አንድ ዓይነት የመረጠ ሠራተኛ ነገ ግራይንደሩንና ኤስዲኤሱን ያለ ባትሪ፣ አካሉን ብቻ በቅናሽ መግዛት ይችላል። እዚህ ላይ ወሳኙ የስም ታላቅነት አይደለም፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ባትሪ በሚሠራበት ከተማ መገኘቱ ነው። በመርካቶ በብዛት የሚታዩት ኢንግኮና ቶታል በዚህ በኩል ጥቅም አላቸው።

ቮልቱን በሚመለከት ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። አንድ የሊቲየም ሴል በአማካይ 3.6 ቮልት ይሰጣል፤ አምስት ሲቀጣጠሉ 18 ይሆናል። ሙሉ ሲሞላ አንዱ ከ4 ትንሽ ስለሚበልጥ አምስቱ ከ20 በላይ ይላሉ። ዲዋልት ያንኑ ባትሪ በአሜሪካ 20 ቮልት፣ በአውሮፓ 18 ቮልት ብሎ ይሸጣል። በርካሽ ድሪሎች ላይ የሚጻፈው 48ቪኤፍና 88ቪኤፍ ግን ቮልት አይደለም። እውነተኛ 48 ቮልት 13 ሴል በተከታታይ ይፈልጋል፤ እነዚህ ሲከፈቱ ብዙውን ጊዜ አምስት ይገኝባቸዋል።

አምፔር ሰዓቱም ይጭበረበራል። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ተብሎ በአሥር ባለ 18650 ሴሎች የተሠራ ባትሪ፣ ሴሎቹ ብቻ ወደ 450 ግራም ይመዝናሉ፤ ከነቀፎው ከ600 ግራም በላይ ይሆናል። እጅ ላይ ቀልሎ የተገኘ ባትሪ የተጻፈበትን ያህል የለውም። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ የሚሠራ ሰው ከአንድ ትልቅ ባትሪ ይልቅ ሁለት መካከለኛ ቢይዝ ሥራው አይቆምም። ግሎ ከማሽኑ የወጣ ባትሪ ወዲያው ቻርጅ አይደረግ፣ ይቀዝቅዝ፤ ለወራት የሚቀመጥም ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይቀመጥ።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ

ብዙ ሙያተኛ ድሪሉን የሚያገኘው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ ዘመድ ሲመጣለት ነው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የኢትዮጵያ 220 ነው። ድሪሉና ባትሪው ምንም አይሆኑም፤ የሚቃጠለው ቻርጀሩ ነው። ጀርባው ላይ 120 ብቻ የተጻፈበት ቻርጀር ያለ ትራንስፎርመር ሶኬት ላይ መሰካት የለበትም፤ ባለ 220 ቻርጀር ለብቻው መግዛት ይቀላል። ከዱባይ የሚመጣው ግን የሶኬት አስማሚ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በአውሮፕላን ትርፍ ባትሪ በሻንጣ አይጫንም፤ ጫፉ ተሸፍኖ በእጅ ይያዛል። መለኪያው ዋት ሰዓት ነው፦ 18 ቮልት በ5 አምፔር ሰዓት ሲባዛ 90 ይሆናል፣ ከ100 ስለማይበልጥ ያልፋል። ከ100 እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ የሆነው ከመንገደኛ ጋር አይሄድም። ባለ 12 አምፔር ሰዓቱ 216 ስለሚሆን ከዚህ ይመደባል።

ምርጫ

ቀኑን በብሎኬት፣ በብረትና በአልሙኒየም ለሚያሳልፍ ባለሙያ ከ55 እስከ 80 ኒውተን ሜትር ያለው፣ ብራሽለስ ሞተርና የብረት ቸክ ያለው ባለ 18 ቮልት ሃመር ድሪል ከሁለት ባትሪ ጋር ይበቃዋል። ኮንክሪት የሚያዘወትር ሰው ባለ 130ውን ለመግዛት የሚጨምረውን ገንዘብ በዚያው ባትሪ ለሚሠራ ባለ 2 ጁል ኤስዲኤስ ቢያውለው ይሻላል፤ ሁለቱም ማሽኖች ብዙ ዓመት ይቆዩለታል።