የወፍጮ ባለቤትና የርስት ወራሽ
በምዕራብ ጎጃም የባለቤትነት ሐረግ እንዴት ይቈጠር እንደ ነበረ

«ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» ይላል የሀገሩ ምሳሌ። ይህን ቃል ባዕድ ሰው ሲሰማው ማጋነን ይመስለዋል። በዳሞት፣ በቡሬና በሜጫ የሚኖር ገበሬ ግን እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ ቃሉን እንደ ቁም ነገር ይቀበለው ነበር፤ የመሬት ክርክር ሁሉ የሚቆመው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነበርና። አባቱ ያላረሰውን፣ አያቱም ያላየውን መሬት «ይገባኛል» ብሎ የሚከራከር ሰው እንደ ሌባ ወይም እንደ እብድ አይታይም ነበር። የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ከማን ትወለዳለህ?» የሚል ነው።

የዚህን ጥያቄ ክብደት ለመረዳት በሌላ ሀገር የባለቤትነት ታሪክ እንዴት እንደሚመረመር ማነጻጸር ይጠቅማል። በእንግሊዝ ሀገር አንድ አሮጌ ወፍጮ ቢገኝና የማን እንደ ነበረ ማወቅ ቢያስፈልግ፣ መርማሪው የሚሄደው ወደ መዝገብ ቤት ነው። የእንግሊዝ ንጉሥ ዊልያም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1086 ባስጻፈው ታላቁ የሀገር መዝገብ ውስጥ ከ5 ሺህ የሚበልጡ የውሃ ወፍጮዎች ከነጌቶቻቸው ተቈጥረው ይገኛሉ። በ12ኛው መቶ ዓመት የነፋስ ወፍጮ በዚያ ሀገር በተስፋፋ ጊዜም እንደዚሁ በየመዝገቡ ገባ። ወፍጮው የመሬት ጌታው ሀብት ስለ ነበረ፣ ጭሰኞቹ እህላቸውን በእርሱ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጩና ከዱቄቱም ድርሻ እንዲሰጡ ይገደዱ ነበር። ስለዚህ የወፍጮው ታሪክ ከጌታ ወደ ጌታ፣ ከውል ወደ ውል እየተከተለ ይወርዳል። ሐረጉ የሚጀምረው ከዕቃው ሲሆን ሰዎቹ በዕቃው ላይ እየተፈራረቁ ያልፋሉ።

የጎጃም ገበሬ ነፋስን የሚያውቀው በአውድማ ላይ ነው። እህሉ ከተወቃ በኋላ በመንሽና በላይዳ ወደ ላይ ሲበተን ነፋሱ ገለባውን ወስዶ ፍሬውን ይተውለታል። ለመፍጨት ግን ነፋስ አላገለገለም። የመፍጨቱ ሥራ የሴቶች ድካም ነበር። በየቤቱ የሚገኘው የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ ለብዙ መቶ ዓመታት የጤፉንና የዳጉሳውን ዱቄት ያወጣው በሴቶች ክንድ ነው። በአንዳንድ ወንዞች ዳር የውሃ ወፍጮ በቆመ ጊዜ፣ ውሃው በቦይ ተጠልፎ በጋድም የሚዞረውን መንኰራኵር እየመታ የላይኛውን ድንጋይ ያዞር ጀመር።

እንዲህ ያለው የውሃ ወፍጮ የማን ነው? የሚል ጥያቄ ቢነሣ በርስት ሥርዓት መልሱ ሁለት ይሆናል። ድንጋዩን አስጠርቦ፣ ቤቱን ሠርቶ፣ ቦዩን የቆፈረው ሰው የሠራው ሥራ እንደ በሬውና እንደ ጎተራው የድካሙ ፍሬ ነው፤ ሲሞትም ለልጆቹ ይተላለፋል። ወፍጮው የቆመበት ዳርቻ ግን ከአባት መሬት ተለይቶ የሚታይ አይደለም። የወፍጮው ውርስ ከሠሪው ወደ ልጅ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመሬቱ ውርስ ግን ከተከራካሪው ወደ ቀድሞው አባት ወደ ላይ ይወጣል። በምዕራብ ጎጃም የባለቤትነት ታሪክ ሲመረመር ዋናው ነገር ይህን ልዩነት ማወቅ ነው።

ርስት የሚለው ቃል በሁለት አገባብ ይነገር ነበር። በአንደኛው አገባብ ሰውየው አሁን በእጁ ይዞ የሚያርሰው መሬት ማለት ነው። በሁለተኛውና በሚሰፋው አገባብ ግን ርስት ማለት መብት ነው፤ ይኸውም መሬቱን በመጀመሪያ ከያዘው አባት ለሚወለድ ሁሉ ከዚያ መሬት ድርሻ የመጠየቅ መብት ማለት ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት ያጠናው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆቤን በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩን በሰፊው ገልጦታል። መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ዋና አባት ይባላል። የእርሱ ልጆች የሆኑት፣ መሬቱ በስማቸው የተከፈለው፣ ምንዝር አባቶች ናቸው። በየአባቱ ስም የተሰበሰቡትን ተወላጆች የሚወክል፣ ድርሻቸውንም የሚጠብቅ ሰው ደግሞ ፈጅ ይባል ነበር።

ከሁሉም በላይ ልብ ሊባል የሚገባው መብቱ በወንድም በሴትም መስመር መተላለፉ ነው። ልጅ በአባቱ በኩል እንደሚወርስ ሁሉ በእናቱም በኩል ይወርሳል፤ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ ከአባትዋ ርስት ድርሻ አላት። ስሌቱን መመልከት ነገሩን ያስረዳል። አንድ ሰው ሁለት ወላጆች፣ አራት አያቶች፣ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት። እንዲህ እየተቈጠረ በሰባተኛው ትውልድ የወላጆቹ ቍጥር እስከ 128 ይደርሳል። እያንዳንዳቸው ወደ አንድ ዋና አባት የሚያደርሱ ደረጃዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ በቡሬ የተወለደ ገበሬ በአባቱ በኩል በቡሬ፣ በእናቱ እናት በኩል በደጋ ዳሞት፣ በሌላ ቅድመ አያት በኩል በሜጫ መብት ሊኖረው ይችል ነበር። በተግባር ግን የሁሉን አባት መሬት መያዝ የቻለ ሰው የለም። ሰው የሚይዘው ዘመዶቹ የተቀበሉለትን፣ ሽማግሌዎች የመሰከሩለትን፣ እርሱም በቦታው ተገኝቶ ሊጠብቀው የቻለውን ብቻ ነበር።

ክርክሩ የሚካሄደው በቃል ነው። ተከራካሪው ከራሱ ጀምሮ «እገሌ እገሌን ወለደ» እያለ እስከ ዋናው አባት ሐረጉን ይቈጥራል፤ ያንኑም መሬት የያዙት ሰዎች የራሳቸውን ሐረግ ይቈጥራሉ። የሁለቱ ቍጥር አንድ ቦታ ላይ መገናኘት አለበት። ካልተገናኘ ግን ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል፣ ወይም ዋሽቷል። የትውልድ ቈጠራው ለመሬት ብቻ ሳይሆን ለጋብቻም ያስፈልግ ነበር፤ እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ ሰዎች መጋባት ነውር ነውና። ስለዚህ ሐረግ የሚያውቅ ሽማግሌ በሀገሩ የተከበረ ነበር። አንዲት የተረሳች ቅድመ አያት በክርክሩ ላይ ትዝ ብትል፣ ለአንድ ድሀ ገበሬ የእርሻ መሬት ልታስገኝለት ትችል ነበር።

ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ለሁሉ እኩል ፍትሕ ይሰጥ ነበር ማለት አይደለም። ሐረጉን የሚያስቈጥር ሽማግሌ ማግኘት፣ ምስክር ማሰባሰብ፣ ዳኛ ፊት ደጋግሞ መመላለስ ገንዘብና ጊዜ ይጠይቃል፤ ስለዚህም ባለሥልጣንና ባለዘመድ የሆነ ሰው ብዙ አባቶች ሲገኙለት ድሀው ግን አንዱን እንኳ ለመጠበቅ ይቸገር ነበር። ከርስት በላይ ደግሞ ጉልት ነበረ። ጉልተኛው የመሬቱ ተወላጅ ባይሆንም ግብሩን የመሰብሰብና የመዳኘት ሥልጣን ስለ ነበረው በባለርስቱ ላይ ኃይል ነበረው። እንደዚሁም ሸማኔዎች፣ ፋቂዎች፣ ቀጥቃጮችና በአብዛኛው ሙስሊሞች ከርስት ውጭ ሆነው ይኖሩ ነበር። እነርሱም የሚቈጥሩት ሐረግ አልነበራቸውም ማለት አይደለም፤ ሐረጋቸውን የሚቀበል ዋና አባት ግን አልተሰጣቸውም።

መንግሥት ይህን በቃል የሚኖር ሥርዓት ወደ ጽሑፍ ለማግባት ብዙ ጊዜ ሞክሯል። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ በሌላው ጠቅላይ ግዛት መሬቱ በመለካት ሲሠራበት፣ በጎጃም፣ በበጌምድርና በትግሬ ግን ከጠላት ወረራ በፊት ይከፈል የነበረው ግብር እንዲቀጥል ፈቅዶ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሟች ልጆች ሁሉ እኩል እንዲወርሱ ደነገገ። ይህ ድንጋጌ ከጎጃም ልማድ ጋር የሚጣጣም ቢመስልም አንድ ልዩነት ነበረው። ሕጉ የሟቹን ንብረት ለልጆቹ ሲያካፍል፣ ልማዱ ግን የዋናውን አባት መሬት ለተወላጆቹ ሁሉ ክፍት አድርጎ ይተወው ነበር።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ነገሩ ወደ ጦር ደረሰ። መንግሥት የጠየቀው ከምርቱ ላይ ግብር ቢሆንም፣ ገበሬው የሰማው ግን መሬቱ ሊገመትና ሊለካ መሆኑን ነበር። መሬት በአንድ ሰው ስም ከተለካና ከተጻፈ፣ ስማቸው ያልተጻፈ ተወላጆች ሁሉ ለዘለዓለም ከርስታቸው ይወጣሉ የሚል ፍርሃት በሀገሩ ተሰማ። አመፁ በሞጣና በብቸና ተነሥቶ ወደ ዳሞትም ተዛመተ፤ መንግሥትም ጦር ሠራዊትና አይሮፕላን ላከ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጠቅላይ ግዛቱ ተነሡ፤ ግብሩም በተግባር ሳይሰበሰብ ቀረ። ይህን አመፅ የግብር ጥላቻ ብቻ አድርጎ የሚመለከት ሰው ግማሹን ብቻ ያያል። ገበሬው የተዋጋው ለሚያርሰው መሬት ብቻ ሳይሆን፣ ገና ላልጠየቀው ነገር ግን በሐረጉ ለሚገባው ድርሻም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለወጠው። መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማከራየትም ተከለከለ። አዋጁ ርስት በነበረበት ሀገር ገበሬው በዚያን ጊዜ የሚያርሰውን መሬት እንዲይዝ ሲፈቅድ፣ ከዚያ ወዲያ በርስት ምክንያት ሌላ መሬት መጠየቅን ግን አስቀረ። እንግዲህ ወደ ላይ የሚወጣው ቈጠራ የተቈረጠው በዚህ ቀን ነው። ቀድሞ በርስት ያልታወቁት ሰዎች መሬት ለማግኘት የሚያበቃ መብት አገኙ፤ ከአባት ቦታ ርቀው የሚኖሩት ተወላጆች ግን ተስፋቸውን አጡ።

በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደገና በተደለደለ ጊዜ ደግሞ ቀድሞ በሥልጣን የነበሩ ሰዎች ይዞታ ተቀንሶ ለሌላቸው ተሰጠ፤ ሴቶችም በስማቸው ድርሻ አገኙ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ደብተር ይታደል ጀመር፤ በደብተሩም ላይ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ጐን ለጐን ይታያል። ቀድሞ ሴት ልጅ በሐረግ ብቻ የነበራት መብት አሁን በመንግሥት ማኅተም ተጽፎ ተሰጣት። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሜጫ በመራዊ አጠገብ የሚፈሰው የቆጋ ወንዝ የዚህ ለውጥ ምስክር ነው። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በወንዙ ላይ ግድብ ተሠርቶ ከ7 ሺህ ሄክታር ገደማ የሚበልጥ መሬት በመስኖ እንዲለማ ተደረገ። የግድቡ ውሃ የእርሻ ቦታዎችን ሲሸፍን፣ በመስኖው ክልል ያለውም መሬት እንደገና ተሸንሽኖ ተደለደለ። ገበሬው ምትክ ሲቀበል የተጠየቀው «ከማን ትወለዳለህ?» ተብሎ ሳይሆን «ደብተርህ የት አለ?» ተብሎ ነው። ከውሃው ሥር የቀረው መሬት የአንድ ዋና አባት ስም የነበረው ሊሆን ይችላል፤ ስሙን ግን መዝገቡ አይጠይቅም።

ደብተሩ እርግጠኛነትን አመጣ፤ ክርክሩንም አሳጠረ። ደብተሩ የሚጀምረው ግን ከተጻፈበት ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ያለውን አይናገርም። ያንን የሚናገሩት ከ1967 ዓ.ም. በፊት ለአካለ መጠን ደርሰው በሽማግሌ ጉባኤ ላይ ሐረግ ሲቈጠር የሰሙ ሰዎች ናቸው፤ ዕድሜያቸውም ዛሬ ሰባ ዓመት ገደማና ከዚያ በላይ ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በደጋ ዳሞት ያሉት እነዚህ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች የሚያውቁት የትውልድ ቈጠራ መሬት ለማስገኘት አሁን አያገለግልም። ለታሪክ ግን ሌላ መዝገብ የሌለው ሀገር መዝገብ ነው፤ የእንግሊዙ ወፍጮ በብራና እንደ ተጻፈ ሁሉ የዳሞት መሬት የተጻፈው በእነርሱ ቃል ላይ ነውና። ሐረጉ በቃል እንዳለ ካልተጻፈ ግን ከአዋቂዎቹ ጋር ይቀበራል። ከእንግዲህ ለማስታወስ የሚያስገድድ የመሬት ክርክር ስለሌለ፣ የቀረው ምክንያት የማወቅ ፍላጎት ብቻ ነው፤ ልጆችም አያቶቻቸውን መጠየቅ ያለባቸው ይህ ጊዜ ሳያልፍ ነው።