መተማ
መተማ፣ በምዕራብ ጎንደር ቆላ ከሱዳኗ ገላባት በአንዲት ትንሽ ወንዝ ብቻ ተለይታ የምትገኝ የድንበር ከተማ ስትሆን፣ በቀይ ባሕር ጠረፍ በሱአኪን ከመርከብ የወረደ ነጋዴ በከሰላ አድርጎ፣ በረሓውን በግመል ተሻግሮ፣ ወደ ነገሥታቱ መናገሻ ወደ ጎንደር ሲያቀና ከሚያርፍባቸው ገበያዎች ዋነኛዋ ነበረች። ቡና፣ ማርና ሰም ወደ ባሕር ይወርድባት ነበር፤ ሰው በባርነት ይሸጥባት እንደ ነበረም መሰወር አይገባም። ንጉሠ ነገሥት ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት በዚህችው ምድር ነው፤ ስለዚህም መተማ ዮሐንስ ትባላለች።

ስለ መብሏ ሳይነገር ማለፍ ግን በደል ነው። ሌሊቱን በለዘብተኛ እሳት ሲበስል ያደረው ፉል በጠርሙስ ቂጥ ተደፍጥጦ፣ ሽንኩርት ተከትፎበት፣ በላዩ የሰሊጥ ዘይት ሲፈስበት፣ የዚያ ምድር ዋና ሀብት የሆነው የሰሊጥ መዓዛ ከሳህኑ ይነሣል፤ ይህም ለደከመ መንገደኛ እውነተኛ በረከት ሲሆን፣ በጎንደር ከሚጠብቀው የጤፍ እንጀራና ዶሮ ወጥ የሚያንስ አይደለም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በገንዳ ውሃና በጭልጋ አይከል አድርጎ፣ ከሐሩሩ ቆላ ወደ ነፋሻው ከፍታ እየወጣ፣ በአዘዞ በኩል ጎንደር ይገባል።